የእትዬ በለጡ በር፦ ከጅማ ኮልፌ ደርሶ መልስ

እሑድ

ከኮልፌ ከተመለስኩ ወዲህ ዲፓርትመንታችን ውስጥ «አዲስ አበባ እንዴት ነች?» ብሎ ያልጠየቀኝ የለም። አዲስ አበባን እኔ ምኑን አየሁት! ያየሁት ኮልፌን ነው፤ ከኮልፌም አንድ የብየዳ ቤት፣ ከብየዳ ቤቱም አንድ ጥግ። ግን በሞቴ ስሙኝ፣ እንደዚያ ሳምንት ልቤ የዘለለበት ጊዜ አላስታውስም። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ከምደጋግመው አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። ጅማ ውስጥ ፕሮጀክት ማኔጅመንት ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሥራ በጊዜው እንዲያልቅ እንዴት እንደሚታቀድ ለሌላው አስተምራለሁ፤ የራሴ የዶክትሬት ጥናት ዕቅድ ግን ሁለት ጊዜ ወድቆ ተመልሷል። ፈታኞቹ «አንድም ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይንሽ አላየሽም፤ ሁሉም ከመጽሐፍ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሦስተኛውና የመጨረሻው ፈተና የተቀጠረው ከኮልፌ በምመለስበት ማግስት፣ ሰኞ ነበር። ከወደቅኩ የትምህርት ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ የተመራማሪነት ሕልሜም እዚያው ላይ ያበቃል። ኮልፌ የሄድኩት እንግዲህ አንድ ሥራ ከሀ እስከ ፐ ለማየት ነው። አንድ የድሮ ተማሪዬ ደረጀ እዚያ አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ሆኗል፤ ጋሽ ሰብስቤ የሚባሉ ሰው ብየዳ ቤት አርባ ዴስክ አዝዞ ኖሮ «ሰኞ ይጀመራል፣ ቅዳሜ ያልቃል፣ መጥተሽ እዪው» አለኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

አውቶቡሱ ከጅማ የተነሳው ሳይነጋ ነው። እንደ ደንቡ ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ከረጢት አቮካዶ ይዣለሁ። ጥሬውን መርጬ ነበር የገዛሁት። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ወልቂጤ ላይ ለምሳ ስንወርድ ቦርሳዬን ባየው አቮካዶው በስሎ፣ ፈርጦ፣ ለጥናቱ ባተምኳቸው መጠይቆች ላይ ተለቅልቋል። ወይ ጉዴ! ሽሮውን ትቼ ወረቀት ስጠርግ አብራኝ የምትጓዝ ሴትዮ «ዳቦ አምጪና እንብላው እንጂ ምን ያስለቅስሻል?» ብላ አሳቀችኝ።

አየር ጤና ስደርስ ቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል። እኛ ጋ አንድ ባጃጅ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ያደርሳል፤ እዚህ ሰው በሰልፍ ታክሲ ይጠብቃል፣ ሰልፉም እንደ ጨዋ ነው፣ አይጋፋም። ቤቴል ያረፍኩት የቢሮ ጓደኛዬ እናት ቤት ነው፣ እትዬ በለጡ ዘንድ። ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሳቂታ የሸዋ ሴት ናቸው። ግቢያቸው ያምራል፤ በር ግን የለውም። በበሩ ቦታ በሽቦ የታሰረ ቆርቆሮ ቆሟል፣ ከኋላው ውኃ የሞላ በርሜል ይደገፍበታል። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር እትዬ በለጡ በርሜሉን በጉልበታቸው ይገፋሉ።

«በሩ ታዟል ልጄ» አሉኝ እየሳቁ። «ነገ ይደርሳል ብለውኛል። ነገ ግን መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም።»

መጠይቆቼን ሲያዩ «አይዞሽ» ብለው ወለሉ ላይ አንድ በአንድ ዘረጉልኝና የሽሮ ዱቄት ነሰነሱበት፣ ቅባቱን እንዲመጥ። እንዲህ ያለ ነገር ከየት ተማሩ? ጠዋት ስናራግፈው ወረቀቱ ድኗል፤ ትንሽ ሽሮ ሽሮ ይሸታል እንጂ።

ሰኞ

ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ኮልፌ ገባሁ። የሰው ብዛት! የጅማ ሐሙስ ገበያ እዚህ በየቀኑ የቆመ ነው የሚመስለው። ጋሽ ሰብስቤ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ከወልቂጤ ወዲያ ካለ አገር በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋር ሦስት በያጆች አሉ፤ ዋናው ተካ ይባላል፣ አፉ እንደ እጁ ፈጣን ነው።

ዓላማዬን አስረዳሁ። እያንዳንዱ ሥራ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ለምን እንደቆመ፣ ሁሉንም እመዘግባለሁ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት የደከምኩበትን የሥራ ሰሌዳ፣ ቀን በቀን በቀለም የተሠራውን፣ ግድግዳቸው ላይ ለጠፍኩ። ጥናቴ የሚለው ይህንኑ ነው፦ ሥራ የሚዘገየው ዕቅድ ስለሌለ ነው፤ ዕቅድ ካለ ግን በጊዜው ያልቃል።

«እኔ እንደሌለሁ ቆጥራችሁ ሥሩ» አልኳቸው።

«እሺ መምህርት» አሉ ጋሽ ሰብስቤ፣ ባዶ የቀለም ጣሳ ገለበጡና ማዳበሪያ አጥፈው አነጠፉበት። «እዚህ ቁጭ በይ። ሁሉም ይታይሻል።»

ቁጭ አልኩ። ቱቦላሬ የሚሉት የብረት ቱቦ ተቆረጠ፣ ብየዳው ተጀመረ፣ እኔም ስልኬ ላይ ደቂቃ እየቆጠርኩ ጻፍኩ፣ ጻፍኩ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! አሥራ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ ሳጥን እየሳልኩ ያስተማርኩት ነገር ፊት ለፊቴ ብልጭታ እየረጨ ሲሠራ አየሁት። ማታ ቤት ስገባ ዓይኔ በብየዳው ቀልቶ ነበርና እትዬ በለጡ ድንች ልጠው፣ ቆርጠው ዓይኔ ላይ አስቀመጡልኝ። «ነገ ፊትሽን አዙረሽ ጻፊ» ብለው ተቆጡኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ሰው ያማርራል፤ እዚህ ተካ ብየዳውን አስቀምጦ «በሉ ዕረፍት» ብሎ ካርታ አወጣ። እኔም «መቆም፣ ምክንያቱ መብራት» ብዬ ጻፍኩና ካርታ ገባሁ። በአስተማሪነቴ ያዝኑልኛል ብዬ ነበር፤ አልማሩኝም።

የጋሽ ሰብስቤ ባለቤት ምሳ ልከው ኖሮ ቆጮ በጎመን መጣ። «ጅማም ቆጮ አለ» ብል ጋሽ ሰብስቤ «አለ፣ ግን የጅማ ነው» አሉና ጉርሻ በጉርሻ ላይ ደራረቡብኝ። ከሰዓት መብራቱ መጣ። የሚገርመው፣ ያ ሁሉ ሰዓት ባክኖ እንኳ ማምሻውን ሥራው ከሰሌዳዬ ቀድሞ ተገኘ። ከሰሌዳዬ ቀድሞ!

ረቡዕ

አርባውም የዴስክ እግር ተበየደ፤ በሰሌዳው መሠረት ግን ሐሙስ ማታ ነበር ማለቅ ያለበት። ከጣሳዬ ላይ ተነስቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። ወዲያው አማካሪዬ ዘንድ ጅማ ደወልኩ። አማካሪዬ ቁጥብ ሰው ነው፣ ማመስገን አይወድም።

«ዶክተር፣ ዕቅዱ ሠራ!» አልኩ፤ በመቁረጫው ጩኸት ላይ እየጮህኩ።

«ሠራ?»

«ያውም ቀድሞ!»

«እንግዲህ ሰኞ የምትፈሪው ነገር የለም። ለፈታኞቹ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህን መስማት ለእኔ ሹመት ነው። መንገድ ላይ ለእትዬ በለጡ ሙዝና ብርቱካን ገዛሁና እየዘመርኩ ገባሁ። በርሜሉን ራሴ ገፋሁት። ኧረ ከባድ ነው!

ሐሙስ

ጠዋት ዶፍ ዘነበ። የጅማ ልጅ ዝናብ ያስፈራታል ብላችሁ እንዳትስቁ፤ የእኛ ዝናብ ሰው ያረጥባል እንጂ መኪና አያቆምም። እዚህ መንገዱ ሁሉ ተዘጋግቶ፣ ታክሲ ጠፍቶ፣ ብየዳ ቤቱ የደረስኩት አምስት ሰዓት አልፎ ነው።

ስገባ ጣሳዬ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ተቀምጠዋል። ሦስቱም በያጆች የሰውየውን የብረት አልጋ ከበው ይበይዳሉ። ዴስኮቼ ከትናንት ማታ ወዲህ ንቅንቅ አላሉም፣ ዝናብ እየመታቸው ነው።

«ተካ፣ ዴስኩስ?»

«አለ፤ የት ይሄዳል?»

«ለምን ቆመ?»

«እርስዎ አልነበሩማ!» አለኝ፣ ጥያቄው ራሱ ገርሞት። «እርስዎ ተቀምጠው እያዩ የሌላ ሰው ሥራ ማንሳት ይከብዳል። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ መምህርት። ዛሬ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።»

«እኔ እኮ እንደሌለሁ ቁጠሩኝ ብያለሁ!»

«ብለዋል። ታዲያ ሰው ቁጭ ብሎ ዓይንዎን እያየ እንዴት ተደርጎ ነው የለም የሚባለው?»

«ሰሌዳውስ?» አልኩ፣ ድምፄ እየቀጠነ። ተካ ወደ ግድግዳው ዞረ። ያን በቀለም ያስጌጥኩትን ሰሌዳ የሰው ስልክ ቁጥር ሞልቶበታል፤ ግርጌው ላይ ቀይ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያው ቀለም፣ በብሩሽ ተሞክሮበታል። «ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ቀለም ለመሞከር ይመቻል» አለኝ። አንድም ቀን ያነበበው ሰው አልነበረም።

ለካ ሥራውን ያስቀደመው ዕቅዴ አይደለም፤ የእኔ መቀመጥ ነው! ማስተማሪያችን ውስጥ አጥኚው የሚያጠናውን ነገር እንዳያበላሽ የሚል ምዕራፍ አለ። ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያስፈተንኩትም እኔ ነኝ። እዚህ አገር ልብስ ሰፊ ዘንድም፣ ጋራዥም፣ ቁም ሣጥን ሠሪ ዘንድም ቁጭ ብሎ ያላሠራ ሰው ዕቃው እንደማይደርስ ያልሰማሁ ይመስል! የገዛ እናቴ ቀሚሷን እየጠበቀች ልብስ ሰፊው ደጅ ስትውል ነው ያደግኩት።

መቀመጫ ፍለጋ ወደ ጓዳው ጥግ ስሄድ አንድ ያለቀ የሚመስል የግቢ በር ግድግዳ ተደግፎ አየሁ። የብረት ላሜራው ዝጓል፣ አቧራ ለብሷል። ላዩ ላይ በጠመኔ ተጽፏል፦ «ቤቴል፣ በለጡ»።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ ይሄ የማን ነው?»

«እሱ? የአንዲት ደግ ሴት ነው» አሉኝ። «አምስት ወር ሆነው መሰለኝ። ይደውላሉ፣ ነገ ይደርሳል እላቸዋለሁ፣ 'እሺ ወንድሜ፣ በርቱ' ብለው ይዘጋሉ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል!»

«ታዲያ ለምን አልተሠራላቸውም?»

«አይመጡማ። ተቀምጦ የሚያሠራላቸው ሰው የለም። ማጠፊያና ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው፤ ግን ሁልጊዜ አንድ የተቀመጠ ሰው አለ። ባለፈው እሑድ 'ሰኞ እንጨርሰዋለን' ብለን ነበር፣ ሰኞ አንቺ መጣሽ።»

አፈርኩ። አራት ቀን ሙሉ ሽሮአቸውን እየበላሁ፣ በድንቻቸው ዓይኔን እያዳንኩ፣ በራቸውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ለእሳቸው ደግነት የተከፈላቸው ያ በርሜል ነው።

ማታ ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ በለጡ እስኪያልቅ ሰሙኝና ሳቁ። «ሰው ደጅ ቁጭ ብዬ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ላሠራ? ነውር ነው ልጄ። የሌላው ሰው ተራስ? አንቺ ጥናትሽን ጨርሺ። በሩ አይሸሽም።»

እውነት ልናገር፤ ክፍሌ ገብቼ ብዙ አሰብኩ። ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረኝ። ተመልሼ ጣሳዬ ላይ ብቀመጥ ዴስኩ ቅዳሜ ያልቃል፣ መዝገቤ ይሞላል፣ ሰኞ አልፋለሁ። ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም። አማካሪዬም ለፈታኞቹ ነግሯል። ለበሩ ብዬ ብነሳ ግን ያልተጨረሰ ሥራ ይዤ ነው የምቀርበው፣ ይኸውም ለሁለት ጊዜ የወደቅኩበት ጥፋት ነው።

ዓርብ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማንም ሳይቀድመኝ ደረስኩ። ጣሳዬን አነሳሁ፣ ከዴስኮቹ ፊት ወሰድኩና የዛገው በር አጠገብ ደፋሁት። ቁጭ።

«ዴስኩስ መምህርት?» አሉ ጋሽ ሰብስቤ።

«ዛሬ የበሩ ነኝ።»

«የበሩ? እትዬ በለጡን በምን ታውቂያቸዋለሽ?»

«የምበላው እሳቸው ቤት ነው።»

ጋሽ ሰብስቤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እግዚኦ! እና አራት ቀን ሙሉ ዝም ትያለሽ?» ተካ ግን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መቁረጫውን አስቀመጠ። «በሉ አምጡት፣ ዛሬ ደግነት ሰው ልኳል» አለ።

ዝገቱ ተፈገፈገ፣ ማጠፊያው ተበየደ፣ አንቲረስቱ ተቀባ። እኔም ደቂቃውን መዘገብኩ፤ አምስት ወር የቆመው በር ያስፈለገው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነበር። ዴስኮቹ ግን እንደቆሙ ናቸው፤ አንዱንም የነካው የለም። መዝገቤ ውስጥ ባዶ ገጽ ተውኩላቸው።

ቅዳሜ

ደረጀ ከጠዋቱ መጣ። «መምህር፣ ዴስኩ ዛሬ ያልቃል ተባብለን አልነበር?» አለኝ እየተቆጣ። ጣሳዬን ሰጠሁት። «ቁጭ በልና እስኪያልቅ እንዳትነሳ» አልኩት፣ ወጣሁ። ተማሪ ሆኖ እንዲህ ያለ አጭር ትምህርት ሰጥቼው አላውቅም።

በሩን በፒካፕ ጭነን ቤቴል ወሰድነው። ጋሽ ሰብስቤ አፍረው ራሳቸው አብረው መጡ። ሲቆም ደግሞ በሩ ከግንቡ ሁለት ጣት ሰፋ! ከአምስት ወር በፊት የተለካው ልኬት የተጻፈበት ወረቀት ጠፍቶ፣ በግምት ነበር የተሠራው። ጋሽ ሰብስቤ መሮ ተውሰው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ግንቡን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲፈለፍሉ ዋሉ። እትዬ በለጡ ውኃ እያቀረቡላቸው «ይተውት፣ ለእኔ ይበቃል» ይላሉ፤ እሳቸውም «ለእርስዎ ቢበቃም ለእኔ አይበቃም» ይላሉ።

ሲያልቅ እትዬ በለጡ በሩን ዘጉት። ከፈቱት። መልሰው ዘጉት። በአንድ ጣት ነበር የሚገፉት። «ድምፁ እንዴት ደስ ይላል!» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

እሑድ

ስንቅ ዳቦ ቆሎ ይዤ ተመለስኩ። ወሊሶን እስክናልፍ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ። ጊቤ ስንወርድ የጥናቴን ርዕስ ሙሉውን ሰረዝኩት። ጅማ ስንገባ ዝናብ ተቀበለን፤ ያ የእኛ ለስላሳ ዝናብ።

ሰኞ

ሦስት ፈታኞች፣ አማካሪዬ አጠገባቸው። ከብየዳ ቤቱ ግድግዳ ነቅዬ ያመጣሁትን ሰሌዳ፣ ከነስልክ ቁጥሩ ከነቀይ ቀለሙ፣ ፊታቸው ዘረጋሁ። «ዕቅዴ አልሠራም» አልኩ። «ሥራውን ያስቀደምኩት እኔ ነኝ፣ ተቀምጬ። መዝገቤ የተበላሸ ነው፤ ዴስኩንም እስከ መጨረሻው አላየሁም። ግን የማጠናውን አሁን አውቄዋለሁ፦ የማይቀመጥ ሰው ሥራ የት ይደርሳል?» ከዚያ ስለ በሩ ነገርኳቸው።

አማካሪዬ ጠረጴዛውን ነው የሚያየው። ከፈታኞቹ አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ አንድ ቁም ሣጥን አለኝ፣ ሰባት ወሩ» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ሴት «የእኔ ኮት…» ብለው ጀመሩና ሳቅ ሆነ። አስወጡኝ፣ መልሰው አስገቡኝ። በአዲሱ ርዕስ አልፈሻል አሉኝ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አማካሪዬ ሲወጣ «እውነቱን በመናገርሽ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ትቶኛል» አለኝ። ከእሱ ይህም ብዙ ነው።

እየሮጥኩ ነበር ቢሮዬ የገባሁት፣ ለጓደኛዬ ለመንገር። አልነበረችም። ጠረጴዛዬ ላይ የማማክራቸው የማስተርስ ተማሪዎች ጽሑፍ ተደራርቧል። ቢሮዬ ደጅ የሚቆሙትን ልጆች ጽሑፍ ሁሉንም አንብቤ አርሜዋለሁ። ከሥር አንድ ሰማያዊ ክላሰር ቀርቷል። የጫልቱ ነው። ሩቅ ወረዳ ነው የምትሠራው፣ አንድም ቀን ደጄ ቆማ አታውቅም። የሰጠችኝን ቀን ሳየው ስድስት ወር አልፎታል።

ቁጭ አልኩ። ደወልኩላት።

«ጫልቱ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጽሑፍሽን እስካሁን አላነበብኩትም።»

«ኧረ ግድ የለም መምህር!» አለችኝ፣ ድምፅዋ ውስጥ ቅንጣት ቅሬታ የለም። «ሥራ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ። ሲመችዎት ያዩታል። በርቱ።»

ስልኩን ዘጋሁ፣ ደጅ የሚቆም እንዳያስነሳኝ የቢሮዬን በር ከውስጥ ቆለፍኩና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ።